የሕግ ተማሪው ያልጠየቀው ጥያቄ፦ «ቱጌዘር» የተባለው የታይላንድ ድራማ እንዴት ተወደደ?

ታይላንድ በኮሮና ምክንያት የሰዓት እላፊ የጣለችው ዓርብ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2020 ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ከቤት መውጣት ክልክል ሆነ። በዚያው ዓርብ ጂ ኤም ኤም 25 የተባለው ጣቢያ የአንድ ተከታታይ ድራማ ሰባተኛ ክፍል አሳየ። በድራማው ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሁለቱም ወንዶች፣ ጊታር ይዘው ይኮራረፋሉ፣ ይታረቃሉ፣ ቀስ በቀስም ይዋደዳሉ። ሰው አይሞትም፤ ማንም አይታሰርም፤ የሚያስነጥስ እንኳ የለም። ውጭ ከተማው በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፤ በስክሪኑ ውስጥ ግን ወጣቶች ተጠጋግተው ይዘፍናሉ።

ድራማው «ቱጌዘር» ይባላል። ጂቲ ሬን በሚል የብዕር ስም ከምትጽፍ ደራሲ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ አዘጋጁ ዊራቺት ቶንግጂላ፣ አምራቹ ደግሞ ጂ ኤም ኤም ቲቪ። የመጀመሪያው ክፍል የታየው ፌብሩዋሪ 21 ቀን፣ አሥራ ሦስተኛውና የመጨረሻው ሜይ 15 ቀን ሲሆን በመካከል አንድም ዓርብ አልታለፈም። ሁለቱ ዋና ተዋንያን ብራይት ቫቺራዊትና ዊን ሜታዊን ናቸው። ለዊን ይህ የመጀመሪያ የትወና ሥራው ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል የታየውም 21 ዓመት በሞላው ዕለት ነው። አሥራ ሦስቱ ዓርቦች ሲያልቁ የሁለቱ ስም ከማኒላ እስከ ቶኪዮ ይጠራ ነበር።

ይህን በአማርኛ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። የአገራችን የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በወንጀልነት የፈረጀ ነው፤ ድራማው አማርኛ ተናግሮ በቴሌቪዥናችን ይቀርባል ብሎ የሚያስብም የለም። ሆኖም የባዕድ ድራማ ቤተሰብን ሶፋ ላይ ሰቅዞ ሲይዝ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር እራት የዘገየበት ቤት ጥቂት አይደለም። የእኔም ጥያቄ ከዚያ የተነሣ ነው፤ ሰውን የማያውቀው አገር፣ የማይሰማው ቋንቋ ድራማ ምኑ ይይዘዋል?

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዊን የሚጫወተው ታይን የሕግ ተማሪ ነው፤ ቄንጠኛነቱን በየአጋጣሚው የሚያውጅ፣ ከሴቶች ጋር ያለው ዝና የሚያኮራው ልጅ። ግሪን የሚባል ወንድ ተማሪ ወድጄሃለሁ ብሎ መግቢያ መውጫ ያሳጣዋል። የታይን ጓደኞች መላ ይመታሉ፤ ግሪንን ተስፋ የሚያስቆርጥ የውሸት ፍቅረኛ ይፈለግ። የተመረጠው ብራይት የሚጫወተው ሳራዋት ነው፤ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ፣ እግር ኳስ ተጫዋች፣ ጊታር መቺ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ መልከ መልካም። ግቢው ውስጥ «የሳራዋት ሚስቶች» ነን የሚሉ የሴት ተማሪዎች ቡድን አለው። ታይን ይለምናል፤ ሳራዋት እምቢ ይላል፤ ከዚያ ምክንያቱን ሳይናገር እሺ ይላል።

የውሸት ፍቅር ሄዶ ሄዶ እውነት መሆኑ ያረጀ ብልሃት ነው፤ የኮሪያም የቱርክም ድራማ እስኪበቃው ተጠቅሞበታል። እዚህ ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ ይሠራል። ታይን የሳራዋትን እጅ በያዘ ቁጥር «ለግሪን ብዬ ነው» የሚል ሰበብ አለው። ስለ ሁለት ወንዶች ፍቅር ድራማ አይቶ የማያውቀው ተመልካችም «ለሳቁ ብዬ ነው» የሚል የራሱ ሰበብ አለው። የታይን ሰበብ በየሳምንቱ እየሳሳ ሲሄድ የተመልካቹም አብሮ ይሳሳል፤ ግሪን ከመንገዱ ገለል ሲል ሁለቱም ሰበብ አልቆባቸው ይገኛሉ። ደራሲዋ ይህን አስባ አድርጋው ከሆነ ብልህ ናት። ሳታስብ ከሆነም እጇ ብልህ ነው።

አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳይ። «ሳራዋት» በታይኛ የፖሊስ ኢንስፔክተር ማለት ነው። እኛ ልጅን «ሻምበል» ወይም «ባሻ» ብለን እንደምንሰይመው መሆኑ ነው። ታይን ግን ሲናደድበት «ሳራሌኦ» ይለዋል፤ ይህ ደግሞ «ወራዳ» እንደማለት ያለ ስድብ ነው። ሁለቱ ቃላት እኩል ይነሡና ጫፋቸው ላይ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ታይን ስሙን መጥራት ጀምሮ በስድብ ሊጨርሰው ይችላል። ክፍሎቹ እየገፉ ሲሄዱ ያው ስድብ ቁልምጫ ይሆናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ታይን ሲያወጣው ፊቱ ላይ የሚታየው ነው። የግርጌ ትርጉሙ የቀልዱን ግማሽ በመንገድ ላይ አፍስሶታል፤ ሆኖም አንድም የታይኛ ቃል የማያውቁ ሰዎች «ሳራሌኦ»ን ሳያስተረጉሙ መሳቅ ጀመሩ። የባዕድ ድራማ ተመልካቹን የራሱ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ያለች ትንሽ ቃል ስታቀብለው ይመስለኛል።

ዘፈኑም እንዲሁ ነው። የልብ ወለዱ የታይኛ ርዕስ «ፕሮ ራኦ ኩ ካን» ነው፤ «ጥንድ ስለሆንን» እንደማለት። ሳራዋት ለታይን የሚደርሰው፣ ብራይትም በራሱ ድምፅ የተጫወተው ዘፈን ደግሞ «ካን ኩ» ይባላል። ታይላንዶች የቃላትን ድምፅ ቦታ እያለዋወጡ ሌላ ቃል የማውጣት ጨዋታ አላቸው፤ «ካም ፉዋን» ይሉታል። «ካን ኩ»ን ገልብጡት፤ «ኩ ካን»፣ ማለትም ጥንድ፣ ይወጣል። ኮስታራው ልጅ በአፉ ሊናገረው ያልቻለውን በዘፈኑ ርዕስ ሸሽጎታል። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ ጨዋታ እንግዳ አይሆንበትም። እኔ የደረስኩበት ድራማውን ጨርሼ ከረምረም ካልኩ በኋላ ነው፤ ዘፈኑን እንደገና ስከፍተው አንድ ሰው ለካ አጠገቤ ቆሞ ሲነግረኝ የነበረውን ሳልሰማው የቀረሁ መሰለኝ።

ሳራዋት ለምን እሺ እንዳለ የሚገለጠውም በሙዚቃ ነው። ታይን ስክራብ የተባለ ቡድን አድናቂ ነው። ስክራብ የተፈለሰፈ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተ፣ የሁለት ሰዎች የባንኮክ ቡድን ነው፤ ድራማውም በዘፈኖቹ ተሞልቷል። ታሪኩ ከተጋመሰ በኋላ ሳራዋት ታይንን ያየው ገና ድሮ፣ በስክራብ ኮንሰርት ላይ እንደነበረና ያን ጊዜውኑ ልቡን እንደሰጠው እንረዳለን። የውሸት ፍቅረኛ ሁንልኝ ተብሎ የተለመነው ሰው ከመጀመሪያውም አላስመሰለም ማለት ነው። ይህን ያወቀ ተመልካች ወደ አንደኛው ክፍል ይመለሳል፤ እኔም ተመልሻለሁ። ያን ጊዜ ትዕቢት የመሰለኝ ኩርፊያ ለካ የተጨነቀ ሰው ፊት ነበር። ብራይት ሁለት ዓይነት ንባብ የሚችል ፊት ይዞ መጫወቱን የምንገነዘበው በሁለተኛው ዙር ነው፤ ድራማው ደጋግሞ የሚታየውም በአመዛኙ ስለዚህ ይመስለኛል።

ስርጭቱን በተመለከተ የተደረገው ቀላል ነገር ነው። አምራቹ ድርጅት እያንዳንዱን ክፍል በአራት ከፍሎ፣ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ለጥፎበት፣ በዩቲዩብ በነፃ ለቀቀው። ክፍያ የለም፣ ሳጥን የለም፣ ዲሽ የለም። ስልክ ያለው ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ አንዱን ሩብ ጨርሶ ሌላውን ይከፍታል። በዚያ ላይ መጋቢትና ሚያዝያን ቤቱ ተዘግቶበት የሚያሳልፍ የሰው ብዛት ተጨመረ። ፊሊፒንስ ውስጥ ኤቢኤስ ሲቢኤን የተባለው ትልቅ ጣቢያ ፈቃዱ ባለመታደሱ በዚያው ዓመት ሜይ 5 ቀን ከአየር ወረደ፤ በኬብልና በኢንተርኔት እንደገና ሲቆም ተመልካቹን ለመያዝ ካመጣቸው ሥራዎች አንዱ በፊሊፒንስ ቋንቋ የተናገረው «ቱጌዘር» ነበር።

ይሁንና መዘጋቱ ብቻውን አያብራራውም። በዚያ ወቅት የሚታይ ነገር ሞልቶ ነበር። ከዚህ ድራማ በስተጀርባ ለዓመታት የተደራጀ ልማድ አለ። የዘርፉ ሥር ጃፓን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሴቶች ለሴቶች የሣሏቸው፣ የወንዶችን ፍቅር የሚተርኩ የሥዕል ታሪኮች። ጃፓኖች «ያኦይ» ካሉት ስም ታይላንዶች የመጀመሪያዋን የላቲን ፊደል ወስደው ዘርፉን «ዋይ» አሉት፤ የምትወደውን ሴት ደግሞ «ሳኦ ዋይ»። እ.ኤ.አ. በ2014 «ላቭ ሲክ»፣ በ2016 «ሶተስ» የተባሉት ድራማዎች መንገዱን ጠርገዋል። ስለዚህ «ቱጌዘር» ሲመጣ ተመልካቿ ዝግጁ ነበረች፤ አብዛኛውን ጊዜም ሴት ናት።

ሴት ተመልካች ለምን የሁለት ወንዶችን ፍቅር ትመርጣለች ለሚለው ብዙ መላምት አለ። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፦ በተለመደው የፍቅር ድራማ ውስጥ ያለችው ሴት ሁልጊዜ ፈተና ላይ ናት። ቆንጆ ናት? ጨዋ ናት? አማቷ ትወዳታለች? ተመልካቿም ሳትወድ በግድ ራሷን አጠገቧ አቁማ ትለካለች። ሴቲቱ ከታሪኩ ስትወጣ መለኪያውም አብሯት ይወጣል። «የሳራዋት ሚስቶች» የሚለው ቡድን በድራማው ውስጥ መኖሩም ለዚህ ነው፤ ደራሲዋ አንባቢዎቿን ታሪኩ ውስጥ ከተተቻቸው፣ ሳቀችባቸው፣ እነርሱም አብረዋት ሳቁ።

ከዚህ ጋር «ኩ ጂን» የሚሉት ነገር አለ፤ «የምናብ ጥንድ» ቢባል ያስኬዳል። ተዋንያኑ ድራማው አልቆም እንደ ጥንድ ይታያሉ፤ ማስታወቂያ አብረው ይሠራሉ፣ በአድናቂዎች ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አንዱ የሌላውን አንገትጌ ያስተካክላል፣ አዳራሹ ይጮኻል። የሚጮኸው ሰው እውነት እንዳልሆነ ያውቃል፤ አለማወቅም ይፈልጋል። ለድርጅቱ ይህ ገንዘብ ነው። ለተዋንያኑ ግን የግል ሕይወታቸው ውስጥ የሌላ ሰው ምናብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ ማለት ነው። የዊን ፍቅረኛ ናት የተባለች ወጣት በማኅበራዊ ገጿ በየጊዜው ያኖረችው ሁሉ በማያውቋት ሰዎች ይበረበር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኤፕሪል ወር ያልታሰበው መጣ። ብራይት የፎቶግራፎች ስብስብ በትዊተር ገጹ አጋራ፤ በመግለጫው ላይ ሆንግ ኮንግ እንደ አገር ተጠርታ ነበር። ሆንግ ኮንግም ታይዋንም የቻይና ናቸው የሚሉት የቻይና አድናቂዎች ተቆጡ፤ ብራይት ሳላስተውል ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ቁጣው ግን ወደ ወጣቷ ዞረ፤ የቆዩ ጽሑፎቿ ተቆፍረው ስለ ታይዋን የተባለ አንድ ቃል ተገኘባት። ዘመቻው ተጧጧፈ። ቻይናውያኑ ለማሳመም ብለው የታይላንድን መንግሥት ሲሰድቡ የታይላንድ ወጣቶች በሳቅ ተቀበሏቸው፤ እኛም የምንለው እሱኑ ነው፣ ጨምሩበት አሉ። መንግሥቱን ራሱ የሚተች ሰው በመንግሥቱ ሲሰደብ ምን ይሰማዋል? ተሳዳቢዎቹ ይህን አላሰሉትም። የሆንግ ኮንጉ ተሟጋች ጆሹዋ ዎንግ ድራማውን ሲያይ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለጠፈ። የታይዋን ሰዎችም ገቡበት። ኤፕሪል 14 ቀን በባንኮክ የቻይና ኤምባሲ በፌስቡክ መግለጫ አወጣ፤ የኢንተርኔቱን ጫጫታ የወገንተኝነትና የድንቁርና ውጤት ነው አለ፤ የታይላንድን መንግሥትም ሆነ የአብዛኛውን ሕዝብ አቋም አይወክልም ሲልም አከለ። አንድ የኃያል አገር ኤምባሲ በአንድ የፍቅር ድራማ ተዋናይ ምክንያት መግለጫ ሲያወጣ ማየት ፈገግ ያሰኛል፤ የመግለጫው ቃና ግን ፈገግታ አልነበረበትም።

በሦስቱ ቦታዎች፣ በታይላንድ፣ በሆንግ ኮንግና በታይዋን፣ ሻይ በወተት ይወደዳል፤ የዋናዋ ቻይና ነባር ልማድ ደግሞ ወተት የሌለበት ሻይ ነው። ስለዚህ ኅብረቱ «የወተት ሻይ ጥምረት» ተባለ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 የምያንማር ጦር ሥልጣን ሲይዝ የዚያ አገር ወጣቶችም ስሙን ወሰዱት። በኤፕሪል 2021 ትዊተር ለጥምረቱ የሻይ ስኒ ምልክት ሲያበጅ፣ ስሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ11 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መጠቀሱን አስታወቀ።

እንግዲህ የገጸ ባሕርያቱን የትምህርት ክፍል አስታውሱ። አንዱ ሕግ፣ አንዱ ፖለቲካ ሳይንስ ይማራል። በአሥራ ሦስት ክፍሎች ውስጥ ግን ሕግም ፖለቲካም የሉም። ግቢው ንጹሕ ነው፤ ወላጅ አይቆጣም፤ መነኩሴ አይገሥጽም፤ የሳራዋት ታናሽ ወንድምም የታይን ታላቅ ወንድምም የየራሳቸው ወንድ ወዳጅ ያገኛሉ፤ ይህም እንደ ዝናብ መዝነብ ያለ ተራ ነገር ነው። ሰው ድራማውን የወደደው በድፍረቱ አይደለም እላለሁ፤ ምንም ድፍረት የማያስፈልግበት ዓለም ስላሳየው ነው። ፍርሃት የሌለበት ግቢ። የሚያስጨንቀው ነገር ቢኖር ጊታር የማይታዘዝ ጣትና ያልተመለሰ የስልክ መልእክት ነው። ቤቱ በር ተዘግቶበት፣ የሟች ቁጥር በየማታው ለሚነገረው ሰው ይህ ዕረፍት ነበር።

ዋጋም ነበረው። የግሪን ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ከሁሉም ይልቅ ማንነቱን ሳይደብቅ የሚኖረው እሱ ነው፤ ድራማው ግን ድምፁንም እጁንም መሳቂያ አደረገው። የተከበረ ፍቅር የተሰጠው ሴት ነው የምወደው ብሎ ለሚምለው ታይን ነው። መጨረሻውም ብዙዎችን አስከፋ። በአሥራ ሁለተኛው ክፍል ፓም የምትባል የሳራዋት የቀድሞ ወዳጅ ትመጣለች፤ ቅናት፣ አለመግባባት፣ ኩርፊያ፤ እስከዚያ ድረስ በዝግታ የተገነባው ነገር በጥድፊያ ይናዳል፣ በጥድፊያም ይጠገናል። አሥራ ሦስት ሳምንት የጠበቀ ተመልካች ቅር እያለው ተሰናበተ። እሮሮው ገና ሳይበርድ በኦገስት ወር «ስቲል ቱጌዘር» የተባለ ባለ አምስት ክፍል ተከታይ ቀረበ፤ ሁለቱ አብረው ሲኖሩ፣ ስለ ልብስ አጠባና ስለ ጊዜ ሲጨቃጨቁ የሚያሳይ፣ ለእኔ ከመጀመሪያው የበሰለ ሥራ።

ተዋንያኑ ከዚያ ወዲያ ገሰገሱ። አብረው በሌላ ድራማ ታዩ፤ ከታወቁት የፋሽን ድርጅቶች ብራይት የበርበሪ፣ ዊን የፕራዳ ገጽታ ሆኑ።

ታይን ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀረ። የሕግ ተማሪ ነው፤ የታይላንድን የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ መያዙ አይቀርም። ድራማው በታየበት ዓመት የዚያ ሕግ 1448ኛ አንቀጽ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል እንደሚፈጸም ይደነግግ ነበር። ከሳራዋት ጋር አንድ ቤት ቢገቡ፣ አንዱ ቢታመም ሆስፒታል ውስጥ ማን ይፈርማል? ሲሞት ማን ይወርሳል? በድራማው ውስጥ ሲጠይቅ አላየሁም። ከድራማው ውጭ የሚጠይቁ ነበሩ፤ አገሪቱ በስክሪን የምትሸጠውን ፍቅር በመዝገብ ትከለክላለች ይሉ ነበር። መልሱ የመጣው በማርች 2024 የታችኛው ምክር ቤት በ400 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ፣ በጁን ደግሞ ሴኔቱ በ130 ድጋፍና በ4 ተቃውሞ ሕጉን ሲያሻሽሉ ነው። «ወንድና ሴት» የሚለው ወጥቶ «ሁለት ሰዎች» የሚል ገባ።

ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 23 ቀን 2025 ነው። ያን ዕለት በባንኮክ መሐል ሲያም ፓራጎን የተባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ የመዝገብ ጠረጴዛዎች ተደርድረው ነበር፤ ጥንዶች ተራ ይዘው፣ ስማቸው ሲጠራ እየተነሡ ይፈርሙ ነበር።